ለውዙን ሰጥቶ ወረቀቱን የሚያስቀር ሰው

አቶ ተድላ መሞታቸውን የነገረኝ ከድሬዳዋ የሚመላለስ የባቡር ፍሬን ያዥ ነው። ሐረር አጠገብ ካለ ገጠር ልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው እዚያው አረፉ አለኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። በማግስቱ አንዲት ጫት ይዛ የምትወርድ ነጋዴ አግኝቼ ብነግራት ሳቀችብኝ። «የምን ሞት ነው? ባለፈው ፋሲካ እኮ አሮጌ ጋዜጣ አለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል» አለች። እንባዬን ጠረግሁ፤ ግን ደስም አላለኝ። ማንን ልመን? ስለ እኚህ ሰው የሚወራው ዱሮም እንዲህ ነበር። ሁለት ሰው ስለ እሳቸው አንድ ዓይነት ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ እኔ በዐይኔ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ትምህርቴ ዳዊት ሳልጨርስ የቀረ ነውና ነገሬ ቢንቀራፈፍ አትቀየሙኝ።

ያኔ ከጣሊያን ጦርነት በፊት ነው፤ ጅቡቲ ከተማ በረዶ አከፋፍል ነበር። ከፋብሪካው ግግሩን በጆንያ ጠቅልዬ በእጅ ጋሪ እየገፋሁ ራስ ዲካ ድረስ ላሉ የፈረንጅ ቤቶች አደርሳለሁ። ሥራው ፀሐይን መቅደም ነው። የምኖረው ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ጠላ ጠምቀው ክፍል የሚያከራዩት እትዬ ዘነበች ግቢ ነበር። አቶ ተድላ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ተከራዩ። የአንድ ግሪክ ነጋዴ ጸሐፊ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ ሐረር ሚሲዮን ቤት ተምረዋል። በዚያ ሙቀት፣ እኛ ሽርጥ ታጥቀን በምናለከልክበት፣ ነጭ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ይሄዳሉ። ሰው ሲያናግራቸው ደግሞ በአውራ ጣታቸው ጉልበታቸውን ቀስ አድርገው ያሻሉ፤ የተጨማደደ ነገር የሚያቃኑ ይመስላሉ። እኔ መጀመሪያ ቁርጥማት መስሎኝ ነበር።

መንገዱ ጥግ ላይ ሳሊም የሚባል የመናዊ ለውዝ ይቆላል። ለውዙን የሚጠቀልልበት ወረቀት ከመርከብ መንገደኞችና ከፈረንጅ ሆቴል እየተለቀመ በክብደት የሚሸጥ አሮጌ ጋዜጣ ነው። አቶ ተድላ ከሥራ ሲመለሱ እዚያ ይቆማሉ። አንድ ጥቅል ገዝተው ለውዙን መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ እጅ እጁ ላይ ያፈሱና ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ይከታሉ። አንዳንዴም «ይሄኛውን አይደለም፣ ያንን ከሥር ያለውን» ብለው ወረቀት ያማርጣሉ።

ሳሊም አንድ ቀን ጋሪዬን አስቁሞ በስሜ ጠርቶኝ «ያ አኺ፣ ወንድሜ በላቸው፣ ይሄ ያገርህ ሰው ጥርስ የለውም እንዴ?» አለኝ።

«አለው።»

«ታዲያ ለውዜ ምን ነውር ተገኘበት? ሰው ሁሉ እያየ ለውሻ እንደሚጥል ያድላል!»

በካርቲየ 2 እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። እትዬ ዘነበች ክታብ ጻፊ ናቸው ብለው ቆረጡ፤ የእኔን ስም ከእናቴ ስም ጋር እንዳልነግራቸው አስጠነቀቁኝ። ባቡር ጣቢያ የሚሠሩት ልጆች የጣሊያን ሰላይ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ የፈረንሳይ ፖሊስ ጆሮ ነው አሉ። እኔ የሁሉንም ትንሽ ትንሽ አመንኩ። ግድግዳችን ሳጠራ ስለነበር፣ ሲመሽ ወረቀቱን እየዘረጉ ሲያሹት ይሰማኛል። ሽው፣ ሽው ይላል። ያ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሥራ ውጭ ሳለሁ በራቸው ክፍት ሆኖ አየሁና ደፍሬ ገባሁ። አልጋው ሥር ጆንያ ሞልቷል።

«አቶ ተድላ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ግባ በላቸው፣ ተቀመጥ። ፕሬዚዳንቶች ናቸው» አሉኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ጆንያ ውስጥ ፕሬዚዳንት አለ ሲባል ምን ይባላል? እሳቸው ግን በደስታ ያሳዩኝ ጀመር። ይህኛው ጆንያ የፈረንሳይ ነው፤ ያኛው ከውቅያኖስ ማዶ ያሉ ሪፑብሊኮች ነው። ስለ ፕሬዚዳንቶች የተጻፈ ቁራጭ ካገኙ ያኖራሉ፤ በአማርኛ መጽሐፍ ሊያደርጉት ነው። አንድ ወረቀት ብቻ ያለውን ነገር ግን አይጽፉም። «አንዱ ሲለው ወሬ ነው፣ በላቸው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሌላ ወረቀት ያንኑ ሲልልኝ ነው የምጽፈው» ይሉ ነበር።

«ለማን ነው የሚሰበስቡት?» አልኳቸው።

«ለራሴ።»

አላመንኩም። ሰው ለራሱ እንጀራ ይሰበስባል እንጂ የማያውቀውን ነጭ ሹም ወሬ ይሰበስባል?

ያልተጠራጠራቸው እንደሌለ ያየሁት ደግሞ ሰነድ ፍለጋ ወደ መንግሥት መዝገብ ቤት የሄዱ ዕለት ነው። በዚያ በኩል በረዶ ስለማደርስ አብረን ሄድን፤ እኔ በር ላይ ከጋሪዬ ጋር ቀረሁ። ወዲያው ተመልሰው ወጡ። ጸሐፊው ፈረንጅ የፕሬዚዳንቶቹ ወረቀት ያለው ፓሪስ ነው፣ እዚህ ያለው ሥዕላቸው ብቻ ነው አላቸው። ቀጥሎም ለማን ነው ሲል ጠየቃቸው። ለራሴ ቢሉት ብዕሩን አስቀምጦ ስማቸውንና የሚኖሩበትን መዘገበ።

«አየህ፣ አንተም እሱም አንድ ጥያቄ ጠየቃችሁኝ» አሉኝ እየሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ስማቸው በፈረንጅ መዝገብ ገባ ማለት የእትዬ ዘነበችም ግቢ ገባ፣ እኔም ገባሁ ማለት ነው።

ስለ ሥዕል ካነሳሁ አይቀር ይቺን ልንገራችሁ። በረዶ የማደርስበት አንድ ትልቅ የፈረንጅ ቤት እልፍኙ ውስጥ ባለ ሪዙ የፕሬዚዳንት ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን ብገባ ሌላ ፊት ተሰቅሏል። ወጥ ቤቱን «ሰውየው ሞተ እንዴ?» አልኩት፤ «ጊዜው አለቀ» ብሎኝ ሽንኩርቱን መክተፉን ቀጠለ። ማታ ይህንን ለአቶ ተድላ ብነግራቸው የጎረሱትን ሳይውጡ ተነሡ።

«የድሮው ሥዕል የት ሄደ?»

«ጓዳ በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት።»

«ተቀዷል?»

«ኧረ አልተቀደደም።»

«ዐይኑ ተፍቋል? ፊቱ?»

«አቧራ ነው ያለበት፣ ሌላ የለውም።»

«አልተቀደደም!» አሉ። በጉልበታቸው ላይ ያ ጣታቸው ወዲያና ወዲህ ይላል። «በላቸው፣ አልተቀደደም እኮ ነው የምትለኝ!» ሰው እንዲህ ደስ ሲለው ያየሁት ልጅ ሲወለድለት ብቻ ነው።

ያን ማታ ነው ስለ አባታቸው የነገሩኝ። አባታቸው የአንድ ትልቅ ሹም ጋሻ ጃግሬ ነበሩ። ሹሙ ተሻረ፤ ታስሮ ወደ አምባ ተወሰደ። እንጀራውን የበላ ሁሉ አብሮት ወደቀ። አባታቸውም ሰንሰለቱን ተጋርተው እዚያው አምባ ላይ ሞቱ። እናታቸው ከመሬታቸው ተነቅለው ሌላ ጌታ ርስት ላይ ተጠጉ። «እኔ የምፈልገው ወርዶ ቤቱ የገባ ሹም ነው» አሉኝ። «የተሾመውንማ ማንም ያሳየኛል። ወርዶ፣ ማንም ሳይነካው፣ በሰላም ያደረውን በወረቀት ላሳይ ነው። አለዚያ አገሬ ማን ያምነኛል?» አንድ ወረቀት ነበራቸው፤ ከውቅያኖስ ማዶ ባለች ትንሽ ሪፑብሊክ ፕሬዚዳንት የነበረ ሽማግሌ ዛሬ መንደሩ ገብቶ ዳቦውን ራሱ እየገዛ ይኖራል የሚል። አንድ ብቻ ስለሆነ አልጻፉትም። ሁለተኛውን ይጠብቁ ነበር።

አሳዘኑኝ። ግን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰላይ ቢሆኑስ ከዚህ የተሻለ ተረት ያመጡ ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ።

ነገሩ የተበላሸው በሚካኤል ማኅበር ላይ ነው። ቄስ ስላልነበረን ጸሎቱንም ጠቡንም የሚመሩት የማኅበራችን አለቃ፣ ሙሴ የምንላቸው ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሐዲዱ ሲዘረጋ አብረው የወረዱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከተሾሙ ጀምሮ አልወረዱም፣ ይውረዱ ያለም የለም። ሰው ይፈራቸዋል፤ ግን ሲታመም ደጁ ላይ መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ጽዋው በዚያ ወር ከእኔ ወደ እትዬ ዘነበች አልፎ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እንደዞረ ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ተድላ፣ የለውዝ ወረቀት ስብሰባዎን ከአፍዎ እንስማው።»

አቶ ተድላ ነገሯቸው። ንጉሥ የሌላቸው አገሮች አሉ፣ ሰው ይመርጣሉ፣ ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል አሉ።

«ወርዶ የት ይገባል?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ቤቱ።»

ሳቅ ሆነ። «አምባ ነው በሉን እንጂ!» አለ አንዱ። «የለም፣ ጉድጓድ ነው!» አለ ሌላው።

አቶ ተድላ ወደ ጽዋው አመለከቱ። «ይህ ጽዋ ባለፈው ወር ማን ጋር ነበር? በላቸው ጋር። አስረከበ። ታሰረ እንዴ? ይኸው ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል!»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። የያዝኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ውይ፣ እውነት!» አሉ እትዬ ዘነበች ሳያስቡት።

ጋሽ ወርቁ አልሳቁም። «ጽዋው ይዞራል። እኔስ እዞራለሁ?» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበር። አቶ ተድላ ግን የተጠየቁትን ሳይመልሱ ማለፍ አያውቁም። «እርስዎም ቢዞሩ ክፉ አልነበረም» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ክታቡም ሰላይነቱም ተረሳ። ሰውየው ለካ ጋሽ ወርቁን አውርዶ የሚካኤል ማኅበር ፕሬዚዳንት ሊሆን ነው! ወረቀቱም የሹመቱ ማስረጃ ነው ተባለ። እትዬ ዘነበች እንኳ «ሲመጡ ቀና ብለው አለመሄዳቸውን አላየህም? የሚያደባ ሰው አረማመድ ነው» አሉኝ። የለም፣ ጎንበስ የሚሉት መሬት የወደቀ ወረቀት ሲፈልጉ ነው ብላቸው «አንተንም ሾሙህ እንዴ?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ባላምባራስ የጌታውን ዕቃ ከመርከብ ሊረከብ ከአገር ቤት ወርዶ ጋሽ ወርቁ ቤት አረፈ። ጋሽ ወርቁ ነገሩት። ምን ብለው እንደነገሩት አላውቅም፤ ግን ከቀትር በኋላ፣ ከተማው በር ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ሁለቱ ግቢያችን ገቡ። እትዬ ዘነበችና እኔ ጎረቤት ነንና ምስክር ሁኑ ተባልን። አቶ ተድላ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው መጀመሪያ ኮታቸውን ቆለፉ።

ጆንያዎቹ ደጅ ጥላው ሥር ተዘረገፉ። ባላምባራሱ አንድ ወረቀት አንሥቶ ገለበጠው፣ መልሶ አቀናው።

«ይሄን የሚያነብ ማነው?»

ማንም የለም። ፈረንጅ እንዳይጠራ የሐበሻ ጉዳይ ነው። የየመን ሰው እንዳይጠራ ሳሊም ራሱ የሚያነበው ዐረብኛ ብቻ ነው።

«እንግዲያስ ራሱ ያንብብ» አለ ባላምባራሱ።

«ተከሳሽ በራሱ ላይ ሊመሰክር?» አሉኝ እትዬ ዘነበች በጆሮዬ። «እኔ ብሆን ሁሉንም የማርያም ድርሳን ነው እላለሁ።»

ይህንን ጋሽ ወርቁም አስበውት ኖሯል። «ጌታዬ፣ ያነበበልዎትን ቀላቅለው ቆየት ብለው መልሰው ይስጡት። የሚዋሽ ሰው ያለውን በቃሉ አይዘውም» አሉት። ባላምባራሱ ዘዴው ደስ አለው።

አቶ ተድላ ማንበብ ጀመሩ። የሳል መድኃኒት ነው። የመርከብ መምጫ ነው። የሴት ባርኔጣ ነው። ባላምባራሱ እያዛጋ ይቀላቅላል፣ ይመልሳል፤ እሳቸውም ያንኑ ይደግማሉ። ባርኔጣው ባርኔጣ፣ ሳሉ ሳል። እትዬ ዘነበች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። በሰላም ሊያልቅ ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ በዚያ ሳምንት ከሳሊም ያመጡትና ገና ያልዘረጉት ጥቅል ወጣ። አንዱን አቃንተው ማንበብ እንደጀመሩ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ፕሬዚዳንት የነበረው ሽማግሌ ከሥልጣን ከወረደ ወዲህ በትውልድ መንደሩ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ብቻውን በእግሩ ይወጣል...» ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «በላቸው! ሁለተኛው! ሁለተኛው ተገኘ እኮ!»

የት እንዳሉ፣ ማን ፊት እንደቆሙ ረስተውታል። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ምንድን ነው የተገኘው?» አለ ባላምባራሱ። ማዛጋቱን ተወ።

አቶ ተድላም አስረዱት። ምንም ሳያስቀሩ። መጽሐፉንም፣ አገር ቤት ወስደው ሊያስነብቡት መሆኑንም።

«ስለዚህ ጌታዬም ቢወርዱ ዳቦ ይገዛሉ ልትል ነው?»

«ስለ ጌታዎ የሚናገር ወረቀት የለኝም» አሉ።

ባላምባራሱ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደ፤ ጥጉን በጥፍሩ ቆረጥ አድርጎ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው። አንድ ሁለት ማስታወቂያ አስነበባቸው፤ ከዚያ ያንኑ መልሶ ሰጣቸው።

አሁን ስሙኝ። በዚያ ግቢ ከእሳቸው በቀር ፈረንሳይኛ የሚያነብ ማንም የለም። የጥጉን መቆረጥ ያዩ አልመሰለኝም፤ ለእሳቸው ባርኔጣ ነው ቢሉ ባርኔጣ ነው። ቀድሞ ያነበብኩት ያኛው ነበር ብለው ሌላ ቢያሳዩ ማን ያውቅባቸዋል? ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው አቃኑት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም ያንኑ፣ ቃል ሳያጓድሉ፣ ዳቦውንም ብቻውን መውጣቱንም አነበቡት።

ባላምባራሱ ራሱ የደነገጠ መሰለኝ። ለዘብ ባለ ድምፅ «ይህ ወረቀት ውሸት ነው በል። እነዚህ ይስሙህና እኔም መንገዴን ልሂድ» አላቸው።

«ዋሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ጌታዬ። ያንን ለማወቅ ሌላ መፈለግ ነው። አሁን ግን ውሸት ነው ማለት አልችልም።»

«እናትህ ማን ርስት ላይ እንዳለች ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። የጌታዎ ርስት ላይ ናት።»

«እንግዲያው ነገ ከእኔ ጋር በባቡር ትወጣለህ። ጌታዬ ፊት ደግመህ ታነበዋለህ።»

በማግስቱ ሄዱ። ጆንያዎቹ ለማስረጃ አብረው ተጫኑ፤ አቶ ተድላም ከሰዉ ይልቅ የሚያዩት ተሸካሚዎቹ ጆንያውን እንዳያረጥቡት ነበር። ከዚያ ወዲያ በዐይኔ አላየኋቸውም።

ሰላይ ቢሆኑ ኖሮ ያን ቀን ይዋሹ ነበር፤ እኔ ያመንኳቸው ያን ጊዜ ነው። ግን የሰው ልብ ክፉ ነው፤ ጋሪዬን እየገፋሁ ደግሞ፣ የወረቀቱ ጥግ ሲቆረጥ አይተው ይሆን? ማምለጫ እንደሌላቸው አውቀው ይሆን እውነቱን ያነበቡት? እላለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እላለሁ።

ባቡሩ የሄደ ዕለት ሥራ አልወጣሁም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ጋሽ ወርቁ ብቻቸውን መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። ሰላምታም አልሰጡኝ። ባዶውን ክፍል ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩ።

«በላቸው» አሉ በመጨረሻ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ዳቦ የሚገዛው ሽማግሌ... መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰዉ ሰላም ይለዋል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሽ ወርቁ። አቶ ተድላን ሳይሄዱ መጠየቅ ነበረብዎት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በምን አፌ» አሉ።